የሚያፏጨው ማይክና የክብር እንግዳው ጥላ

ተረት ተረት! «የላም በረት» የምትሉትን ለሌላ ጊዜ አቆዩልኝ፤ ይኼኛው የመድረክ ተረት ነው።

ትርሲት የምትባል ዘፋኝ ነበረች። በወረዳው የባህል በዓል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣች። ገና አፏን ስትከፍት ማይኩ «ሲይይይ!» አለ። ሕዝቡ ጆሮውን ያዘ፤ «ትውረድ!» የሚልም ተሰማ። ትርሲት በጣም ደነገጠች።

«ማይክ ሆይ፣ እባክህ አታፏጭ፤ ዛሬ ካወረዱኝ ሁለተኛ አያወጡኝም» አለችው።

«ሞንታርቦው አፉን ወደ እኔ አዙሮ፣ የነገርኩትን መልሶ እየነገረኝ፣ እንዴት ዝም እላለሁ?» አለ ማይኩ።

ወደ ሞንታርቦው ሄደች። «ሞንታርቦ ሆይ፣ ዙርልኝ፤ ማይኩ ዝም አልል አለኝ።»

«ካላዞሩኝ በምን እግሬ?» አለ ሞንታርቦው።

ወደ ድምፅ ባለሙያው ወደ ሲሳይነህ ሄደች። «ሲሳይነህ፣ አዙርልኝ፤ ሞንታርቦው አልዞር፣ ማይኩ ዝም አልል አለኝ።»

«ማዞሩስ ቀላል ነበር። ጋሽ ብሥራት ሳያዙ ግን ንክች አላደርገውም!»

ጋሽ ብሥራት የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ኮሚቴ ደግሞ ታውቁታላችሁ። «ጋሽዬ፣ ይዘዙልኝ፤ ሲሳይነህ አላዞር፣ ሞንታርቦው አልዞር፣ ማይኩ ዝም አልል አለኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? ሞንታርቦው እዚያ የቆመው ለክብር እንግዳችን ጥላ እንዲሆን ነው! ፀሐይ ላስመታቸው?»

ወደ ክብር እንግዳው ሄደች። «ጌታዬ፣ ከጥላው ይነሡልኝ፤ ጋሽ ብሥራት አላዝዝ፣ ሲሳይነህ አላዞር፣ ሞንታርቦው አልዞር፣ ማይኩ ዝም አልል አለኝ።»

«እኔ እኮ የሕዝብ አገልጋይ ነኝ፤ የትም እቀመጣለሁ» አሉ በፈገግታ። «ብቻ ጃንጥላ ፈልጊልኝ።»

በሜዳው ሁሉ አንድ ጃንጥላ ቢገኝ የእትዬ ዘርትሁን ነው። «እትዬ፣ ጃንጥላዎን ያውሱኝ፤ እንግዳው አልነሣ፣ ጋሽ ብሥራት አላዝዝ፣ ሲሳይነህ አላዞር፣ ሞንታርቦው አልዞር፣ ማይኩ ዝም አልል አለኝ።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ የመጣሁት ዘፈን ልሰማ ነው። ዘፈኔን ሳልሰማ ጃንጥላዬን አልሰጥም!»

ትርሲት በገነች። እዚያው ሕዝቡ መሐል ቆማ፣ ያለ ማይክ፣ በገዛ ጉሮሮዋ ለቀቀችው። ሕዝቡ እጁን ከጆሮው ላይ አነሣ። እስከ ሜዳው የመጨረሻ ጥግ ድረስ ተሰማች። እትዬ ዘርትሁን እልል አሉ፣ ሕዝቡም ተከተላቸው። ደስታዋ ወሰን አጣ።

እትዬ ዘርትሁን ጃንጥላውን ሰጡ፣ እንግዳው ተነሡ፣ ጋሽ ብሥራት አዘዙ፣ ሲሳይነህ አዞረ፣ ሞንታርቦው ዞረ፣ ማይኩም ዝም አለ። ምን ያደርጋል፣ ዘፈኑ አልቋል!

«ድገሚው!» አለ ሕዝቡ። ትርሲት ማይኩን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ የክብር እንግዳው ቀደሟት። «አጭር ንግግር አለኝ» አሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ማይኩ አንዴ እንዲያፏጭ ሲለምን ዋለ። ማይኩ ግን ጨዋ ሆኖ ቀረ።

ተረቴን መልሱልኝ፣ ያንን ማይክ ቀሙልኝ!