ግራ እጅ አልለቅም ያለ ዕለት

ሁለት ደቂቃችሁን ለዚህች ተረት ስጡ፤ እንደማትቆጩ እኔ ዋስ ነኝ።

እጹብ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ተረከዟ ውስጥ መርፌ ተሰብሮ ቀረ። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መርፌው ወጥቶላት በሁለት እግሯ መቆም። ሆስፒታል ወሰዷት፣ አልጋ ላይ አስተኟት፣ እግሯን አደነዘዙላት። እሷ ግን እንደነቃች ነች።

«መርፌ፣ ውጣ» አለችው።

«ዶክተር ትርሲት ካላየችኝ አልወጣም።»

«ዶክተር፣ ይዩት።»

«ሥዕሉ ካልዞረልኝ ጎኑ አይታየኝም። ጎኑን ሳላይ ደግሞ እግርሽን አልነካም» አለች ዶክተሯ።

ሥዕሉ ሲቲ ስካን ያነሣው የእጹብ ተረከዝ ነው። ከራስጌዋ በላይ ስክሪን ላይ ተደቅኗል።

«ሥዕል፣ ዙር።»

«ካሜራው ካላዘዘኝ አልዞርም።»

ሥዕሉ አልዞረም፣ ዶክተሯ አላየችም፣ መርፌውም አልወጣም።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ላስረዳችሁ፤ እኔ የምወደው ቦታ ነው። ዶክተሯ እጇን ታጥባ ጓንት አጥልቃለች። ሥዕሉን ለማዞር የኮምፒውተሩን ማውስ ከነካች ንጽሕናው አበቃ፤ እንደገና መታጠብ ሊኖርባት ነው። ስለዚህ ምንም አትነካም። እጇን አየር ላይ ታንቀሳቅሳለች፣ ስክሪኑ ላይ የተገጠመው ካሜራ ያነባል። አንድ እጅ ካየ ሥዕሉን ያዞራል። ሁለት እጅ ካየ ያጎላዋል።

«ካሜራ፣ እዘዝ» አለች እጹብ።

«ቀኝ እጅ ብቻውን ካልመጣ አላዝም። እኔ የማየው ሁለት እጅ ነው» አለና ተረከዟን ስክሪኑን እስኪሞላ አጎላው።

«ቀኝ እጅ፣ ብቻህን ና።»

«ግራው ክርኔን ይዞኝ እንዴት ልምጣ?»

ቀኝ እጅ አልመጣም፣ ካሜራው አላዘዘም፣ ሥዕሉ አልዞረም፣ ዶክተሯ አላየችም፣ መርፌውም አልወጣም።

«ግራ እጅ፣ ልቀቀው።»

«ሲስተር አልጋነሽ ፊታችን ቆመው? ዶክተሯን እጅ መታጠብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው በአንድ እጅ አይዘረጋም፤ ክርን ይደገፋል። ያደግሁት እንዲህ ነው።»

እውነትም ሲስተር ከስክሪኑ ሥር፣ እጹብ ራስጌ ቆመዋል። ዶክተሯ ወደ ስክሪኑ እጇን በዘረጋች ቁጥር ግራዋ ሳታስበው ክርኗን ይደግፋል።

«አንቺ ትርሲት፣ ምን ልትሰጪኝ ነው?» አሉ ሲስተር።

«ይቅርታ ሲስተር፣ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ሲስተር፣ ዞር ይበሉለት» አለች እጹብ።

«እሺ የኔ እናት። ጣቴን መቼ ለቀቅሽኝና?»

እጹብ አየች። ለካ የሲስተርን ጣት ጭምቅ አድርጋ ይዛለች።

እጹብ አልለቀቀችም፣ ሲስተር ዞር አላሉም፣ ግራ እጅ አልተወም፣ ቀኝ እጅ አልመጣም፣ ካሜራው አላዘዘም፣ ሥዕሉ አልዞረም፣ ዶክተሯ አላየችም፣ መርፌውም አልወጣም።

«ከለቀቅኩዎት ይሄዳሉ» አለች በቀስታ።

ሲስተር ጎንበስ አሉላት። «የት እሄዳለሁ? ከራስጌሽ ወደ ጎንሽ ነው። እስኪያልቅ ድረስ ስምሽን እጠራለሁ። ዝም ካልኩ መልሰሽ ያዢኝ።»

እጹብ አሰበችበት። አንድ ጣቷን አላላች። ቆይታ ሌላውን።

«እጹብ፣ እጹብ፣ እጹብ» አሉ ሲስተር።

እጹብ ለቀቀች፣ ሲስተር ዞር አሉ፣ ግራ እጅ ተወ፣ ቀኝ እጅ ብቻውን መጣ፣ ካሜራው አዘዘ፣ ሥዕሉ ዞረ፣ ዶክተሯ አየች፣ መርፌው ወጣ።

«ይኸው ነው?» አለች እጹብ። መርፌው ከሽፋሽፍቷ አይበልጥም።

ሲስተር ግን ቁስሉ ታሽጎ እስኪያልቅ ስሟን መጥራት አላቆሙም። በሳምንቱ እጹብ በሁለት እግሯ ቆመች፤ ማንንም ሳትይዝ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። የምታከብሩት ሰው ፊት ቁሙና ቀኝ እጃችሁን ብቻ ዘርጉ። ግራችሁ አርፎ ይቀመጥላችሁ እንደሆነ እዩት። ተነሡ፣ ሞክሩት።