ያላኮረፉት ሽማግሌ

አንድ ምርቃት አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ፤ አቶ ወንድይፍራው ይባላሉ። በከተማው ሠርግ ሲኖር እሳቸው ካልመረቁ ድግሱ ድግስ አይመስልም ነበር። የገዛ ልጃቸው ትርንጎ ልትዳር ቀን ተቆርጦ ሳለ ግን ባጃጅ ገጫቸው። ቁስሉ ቶሎ ዳነ፤ አንደበታቸው አልተመለሰም። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ «እ... እ...» ይላሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እስክሪብቶ ቢሰጧቸውም ጫር ጫር ከማድረግ አላለፉም።

ሐኪሞች ጭንቅላታቸውን በሲቲ ስካን አዩና «ምንም ጉዳት የለም» አሉ። ወይ ጉድ! በሽማግሌው ላይ ያስፈረደባቸው ይኸው መልካም ዜና ነው። ከአደጋው በፊት ከሙሽራው ከይርጋ ጋር በሚዜ ብዛት ተነታርከው ነበርና የትርንጎ አጎት ቤተ ዘመድ ሰብስቦ «ጭንቅላቱ ደህና ከሆነ አኩርፎ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አለ። ሁሉም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ትርንጎ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክካ «አባዬ፣ ካልፈለግህ አላገባውም፤ ብቻ አናግረኝ» ብላ አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ። አጎትዬው ይህንንም «አየሽ፣ እምቢ ማለቱ ነው» ብሎ ተረጎመው። እኛ ሰዎች ለፍርድ ስንቸኩል አያድርስ ነው! ልጅቷ ቀለበቷን አውልቃ ልትመልስ ተነሣች።

በዚያው ሆስፒታል ስምረት የምትባል ዶክተር ነበረች። ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በኤም አር አይ ማሽን የአንጎልን ነጭ ክፍል ታጠናለች። የሽማግሌውን ነገር ስትሰማ «እስቲ እኔ ጋ ይምጡ» አለች። ማሽኑ ውስጥ አስተኝታቸው፣ በነጩ ክፍል ክሮች ውስጥ ያለው ውሃ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ እየተከተለች ምስሉን አወጣች፤ ቤተሰቡንም ጠርታ አሳየች።

«እስካሁን የታየው ቤቱ ነው» አለች። «ግራጫው ክፍል ቃል የሚወለድበት ቤት ነው፤ እሱ ደህና ነው። ነጩ ደግሞ ቤቶቹን የሚያገናኘው መንገድ ነው። እዩት፣ በግራ በኩል ያለው እዚህ ጋ ተቆርጧል።»

ትርንጎ «ታዲያ አላኮረፈኝም?» አለች።

«ኧረ የምን ኩርፊያ! ቃሉ ውስጣቸው ሞልቷል፤ መውጫ ነው ያጣው። ይልቅ በቀኝ በኩል ያለውን መንገድ ተመልከቺ፤ ምንም አልሆነም። ዜማ በዚያ ያልፍ ይሆናል። ምርቃቱን በዜማ እንሞክረው።»

ትርንጎ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ አጎትዬው የሚገባበት ጠፋው። ቀለበቱም ጣቷ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሠርጉ ተላልፎ ለወራት የአባትና የልጅ ሥራ ማንጎራጎር ሆነ። ዶክተሯ እንዳሳየቻት ግራ እጃቸውን መታ መታ እያደረገች ታዜምላቸዋለች፣ እሳቸው ይከተሏታል። መጀመሪያ ዜማው ብቻ ወጣ፤ ቆይቶ ቃል መጣ። ጎረቤት «ሽማግሌው በእርጅና አዝማሪ ሆኑ» እያለ ሳቀ። ይሳቅ!

በሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹ የአባትን ጉልበት ሊስሙ ዝቅ አሉ። አቶ ወንድይፍራው ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረጉና አዜሙ፦ «ው...ለዱ! ክ...በዱ!» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ቀጥለው እጃቸውን ሙሽራው ራስ ላይ ጫኑ፦ «ይርጋ... ልጄ... ተባረክ!»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ በሙሉ። ከሁሉም አብልጦ የጮኸው ያ አጎት ነበር። እልልታው ቀለጠ፤ ዶክተሯም ሐኪምነቷን ረስታ እስክስታ ወረደች።

ወዳጄ፣ ዝም ያለ ሁሉ አኩራፊ አይደለም። ልቡ በፍቅር ሞልቶ መንገድ ያጣ ሰው አለ። ሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት መንገዱን እንይለት፤ አንዱ ቢቆረጥ ሌላውን አብረን እንፈልግለት። ለመሆኑ አንተ አኩርፏል ብለህ የተውከው ሰው ማን ነው? ዛሬውኑ ሂድና ጠይቀው።