አራተኛዋ ድንች

አንድ ጊዜ፣ ደጋውን አንበሳ፣ ቆላውን ነብር በሚገዙበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የአቁማዳ ፋብሪካ ነበረው። ፋብሪካ ይባል እንጂ በወይራ ጫካ ጥግ የተሠራ አንድ ሰፊ ዳስ ነበር። ጅብና የቆዳ ሥራ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ጅቦ ቆዳን ከልቡ ይወድ ነበር። ችግሩ፣ በሆዱም ይወደው ነበር።

ደግነቱ፣ ቆዳውን የሚያለፉትም የሚሰፉትም ጃርቶች ነበሩ። ጃርት ወስፌ አይበደርም፤ ከጀርባው ይነቅላል። ስፌታቸውም ጥብቅ ስለነበር፣ እነሱ የሰፉት አቁማዳ እንኳን ገብስ፣ ውሃም አያፈስ ይባልለት ነበር። ለቀን ሥራቸው እያንዳንዳቸው ሦስት ድንች ይቀበላሉ።

አንድ ጠዋት የጃርቶቹ አለቃ እመት ጃርቲት ወደ ጅቦ ቀረብ ብላ እጅ ነሳች።

«አያ ጅቦ፣ ልጆች በዙብን፣ ድንቹ አነሰ። አንድ ጨምረው አራት ቢያደርጉልን?»

«አራት!» ጅቦ ከመቀመጫው ዘለለ። «ዛሬ አራት፣ ነገ አምስት፣ ከነገ ወዲያ እኔኑ ልትቆረጥሙኝ ነው?»

«ኧረ እኛ ሥጋ አንበላም፣ ጌታው።»

«አትቀልጂብኝ! ድንች ከሰማይ አይዘንብም። ሦስት ይበቃል። አልበቃኝም ያለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት!»

እመት ጃርቲት ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ጅቦ ግን ቀኑን ሙሉ አራተኛዋ ድንች ከጭንቅላቱ አልወጣ አለችው። ገና ሳይሰጣት እንደ ተቀማ ቆጥሯት በጣም አዘነ።

እንዲህ ያለውን ብስጭት ከሩቅ የሚያሸት ደላላው ቀበሮ ነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዳሱ ደጃፍ ላይ ጅራቱን እያወዛወዘ ተገኘ።

«አያ ጅቦ፣ ጌታዬ፣ ከስተው አየሁዎት። ማን አስቆጣብኝ?»

«ጃርቶች ናቸው። አራት ድንች አሉኝ።»

«አራት!» ቀበሮ ደረቱን ያዘ። «አሳቢ ስለሌለዎት እኮ ነው የደፈሩዎት። ወንዙን ተሻግረው ቆላ ቢወርዱ ጦጣዎች ሞልተዋል። ቀኑን ሙሉ ሠርተው አንድ እፍኝ ሾላ ነው የሚቀበሉት። እሱም ከዛፍ የሚረግፍ ነው፤ አንስቶ መስጠት ብቻ።»

የጅቦ ለሃጭ ተንጠባጠበ። ሾላ አምሮት አይደለም፤ ትርፉ ሸትቶት ነው። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና ፊቱ ጠቆረ።

«አዞስ? መልካው ላይ ኬላ ጥሎ የተቀመጠው? ገበያዬ እዚህ ደጋ ነው። ቆላ የተሰፋውን ሳሻግር ከሁለት አቁማዳ አንዱን ይወስድብኛል።»

«እሱ ድሮ ቀረ! አንበሳና ነብር የንግድ ውል ተዋውለዋል። አዋጁ ነገ ይነገራል። ይምጡና በገዛ ጆሮዎ ይስሙ።»

ቀበሮ ያላነሳት አንዲት ነገር ነበረች። ነብር ወደ ቆላ ፋብሪካ ላመጣለት ደላላ ሁሉ አንዳንድ የሰባች ዶሮ እሰጣለሁ ብሎ ነበር።

በማግስቱ አራዊቱ በመልካው ዳር ተሰበሰቡ። አዋጅ ነጋሪው አህያ ነበር፤ በድምፅ የሚወዳደረው አልተገኘማ። የንጉሥ አፍ ስለሆነ ጥርሱን እንዳያሳርፍበት አውሬው ሁሉ ታዟል። በንጉሥ ገብስ ስለተቀለበም ታፋው ድቡልቡል ብሏል። ቀበሮ ጅቦን እየገፋ ወስዶ ከሁሉም ፊት፣ ከዚያው ታፋ ትይዩ አስቀመጠው።

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ አናፋ አህያው። «ከዛሬ ጀምሮ በአንዱ አገር የተሰፋ አቁማዳ ወደ ሌላው አገር ሲሻገር ቀረጥ አይከፈልበትም!»

ጅቦ ይህን ጥርት አድርጎ ሰማ። ከዚያ አህያው ለሁለተኛው ቃል ትንፋሽ ሊወስድ ዞር ሲል ታፋው ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ። አህያው ገና ብዙ ተናገረ፤ ለጅቦ ግን የተሰማው የገዛ ሆዱ ጩኸት ብቻ ነበር።

«እህ፣ ሰሙ?» አለው ቀበሮ ሕዝቡ ሲበተን።

«ሰማሁ እንጂ! እንዴት ያለ ነው! የተሞላ፣ ለስላሳ...»

«አዋጁን ነው?»

«አዎ አዎ፣ አዋጁን።»

ጅቦ ሳይውል ሳያድር የለፋውን ቆዳ ሁሉ ጠቅልሎ ለጉዞ ተነሣ። ዳሱ ባዶውን ቀረ። ጃርቶቹ በሩ ላይ ቆመው ተያዩ፤ ነገ ምን እንደሚበሉ የሚያውቅ አልነበረም። እመት ጃርቲት ግን የእንጀራ ጌታዋ ነበርና እስከ መልካው ሸኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ሌላው ይቅርና፣ የአዋጁን ሁለተኛ ቃል አስበውበታል?»

«አንቺ ድንችሽን አስቢ!» አላትና ውሃውን እያንቦጫረቀ ተሻገረ።

ቆላ እንደ ደረሰ ነገሩ ሁሉ የሰመረ መሰለው። ጦጣዎቹ እየጨፈሩ ተቀበሉት፤ ሾላውም በየዛፉ ሥር ተነጥፏል። ሥራ ሲጀመር ግን ጦጣ እሾህ የላትም። በግራር እሾህ ቆዳውን ሲወጉት አንዱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል። አንዷ ጦጣ ስትሰፋ ሁለቱ በመስፊያው ጅማት ዥዋዥዌ ይጫወታሉ።

«ምን ዓይነት ስፌት ነው ይሄ?» ብሎ ጮኸ ጅቦ።

«ጌታዬ፣» አለች አንዲት ጦጣ ከቅርንጫፍ ላይ ቁልቁል እያየችው፣ «ሾላውን ሰጡን እንጂ ስፌቱን መች አሳዩን?»

ጅቦም አሳያለሁ ብሎ እሾህና ቆዳ አነሣ። ግን እሱ ራሱ በዕድሜው አንድ አቁማዳ ሰፍቶ አያውቅም። ጥቂት ታገለና፣ ማንም እንዳያየው ዞር ብሎ የያዛትን ቁራጭ ቆዳ ዋጣት።

እንደ ምንም አቁማዳው ደረሰ። ጅቦ ክምሩን አሸክሞ እያፏጨ መልካው ዘንድ ሲደርስ አዞ ከውሃው ብቅ አለ።

«ቆዳው የት ለፋ?»

«ደጋ።»

«የት ተሰፋ?»

«ቆላ። ምን አገባህ? ቀረጥ ቀርቷል! አዋጁን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ሁለተኛውን ቃልስ?»

ጅቦ አፉን ከፈተ። «ሁለተኛ ነበረው እንዴ?»

አዋጅ ነጋሪው አህያ እዚያው ዳርቻው ላይ ሣር ይግጥ ነበርና ተጠራ። ጉሮሮውንም ጠራርጎ አናፋ፦ «ሁለተኛ! ይህ የሚሆነው ቆዳው የለፋበትና የተሰፋበት አገር አንድ ሲሆን ነው! ከሌላ አገር የለፋ ቆዳ አምጥቶ ሰፋ ሰፋ አድርጎ የሚያሻግር ግን እንደ ድሮው ይከፍላል!»

«አሁንስ ሰሙ?» አለ አዞ።

«ምን አለ?» አለ ጅቦ። ዓይኑ ከታፋው አልተነሣም ነበር።

አዞም ራሱ ቃል በቃል ደገመለት። አዞ ታፋ ስለሌለው፣ ይህን ጊዜ ጅቦ ሁሉንም ሰማ።

ከሁለት አቁማዳ አንዱ እዚያው ቀረ። የተረፈውን ገበያ አወጣው። ገዢዎቹ ገብሳቸውን ሞልተው ገና ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ፣ መንገዱ ሁሉ ገብስ በገብስ ሆነ። በዚያ ቀን ጅቦን የመረቁት ወፎች ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ አቁማዳውን እየመለሱ ፊቱ ላይ ወረወሩለት።

ጅቦ ተመልሶ ወርዶ ቆላው ላይ ቆዳ ለማልፋትም ሞከረ። ሙቀቱ ጥሬውን ቆዳ ገና ሳይነካ እንደ ቅል አደረቀበት። በዚህ ላይ ጦጣዎቹ ሥራውን እየለመዱት ሄዱና «ሁለት እፍኝ ሾላ ይሁንልን» አሉ። ጅቦ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ይህን ጊዜ ቀበሮ የዶሮ ላባ ከጢሙ እያራገፈ መጣ።

«አንተ ቀጣፊ! ለምን ሁለተኛ ቃል አለው አላልከኝም?»

«ጌታዬ፣ ከሰው ሁሉ ፊት ያስቀመጥኩዎት እንዲሰሙ አልነበረም? ያለፈውን ይተዉት። ከበረሃው ማዶ ኤሊዎች አሉ፤ ለቀን አንዲት ቅጠል ይበቃቸዋል።»

ጅቦ አሁን ብልህ ሆኛለሁ ብሎ ጠየቀ። «አዋጅስ አላቸው? ኬላስ?»

«ምንም! አዋጅ የለ፣ ኬላ የለ!»

ቀበሮ ውሸት አልተናገረም። እዚያ ኬላ ያልነበረው ገበያ ስላልነበረ ነው። ይህን ግን ጅቦ አልጠየቀም፤ ያልተጠየቀ ደላላም አይመልስም።

ጅቦ የቀሩትን ቆዳዎች በጀርባው ተሸክሞ በረሃውን ገባ። በረሃ ውስጥ ደግሞ ጥላ የለም፣ አደን የለም፣ የሚሸተው ነገር ቢኖር ከጀርባው ያለው ቆዳ ብቻ ነው። ባረፈ ቁጥር «አንዷን ብቻ፣ ጭነቱ እንዲቀለኝ» ይላል። ጭነቱ በእርግጥ ቀለለው። ኤሊዎቹ አገር ሲደርስ በጀርባው የቀረችው አንዲት ቆዳ ነበረች።

«እንግዳ ነኝ፤ ደክሞኛል፤ ቁርበት አንጥፉልኝ!» አለ፣ ማን እንደሆነ በማያውቁት አገር ኩራት ኩራት እያለው።

«ቁርበት እንኳ የለንም፣» አሉ ኤሊዎቹ በትሕትና። «ያመጧትን እናንጥፍልዎት?»

አነጠፉለት፤ ተኛ። ሲነጋ ኤሊዎቹ ለሥራ ተሰልፈው ቢጠብቁት ጅቦ እየተነጠራራ ተነሣ። ቁርበቷ የለችም። ጠርዟ ብቻ ከአፉ ጥግ ተንጠልጥላለች።

«ጌታችን፣ ሥራው የት ነው?» አሉት።

ጅቦ ጠርዟን አወጣና አያት። ከዚያ ወደ ሆዱ አየ። «በላሁት፣» አለ። እውነቱ ያን ጊዜ ገባው፤ ፋብሪካውን የበላበት አዞም ጦጣም አልነበረም። ኤሊዎቹ ፊት አፍሮ፣ ቀስ ብሎ ወደ መጣበት ተመለሰ።

መልካው ጋ ሲደርስ ረኃብና ድካም አዝለውታል። አዞ ፀሐይ እየሞቀ ተዘርግቷል። በፊቱ የተጫኑ አህዮች ተሰልፈው ከደጋ ወደ ቆላ ይሻገራሉ። ጅቦ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከአህያ ታፋ ከፍ አደረገና ጭነቱን አየ። አቁማዳ ነው። ስፌቱንም ወዲያው አወቀው።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አለ።

«የጃርቶች ነዋ፣» አለ አዞ እያዛጋ። «ደጋ የለፋ፣ ደጋ የተሰፋ ነው፤ ነብር ለማሽላው ይገዛዋል። ጦጣዎችም ከቆላ ቃጫ ገመድ ገምደው ወደ ደጋ ይልካሉ። አንዱንም አልነካም። ይህ ውል ለሁሉም ሥራ ሰጥቶ የኔን ወሰደብኝ!»

ጃርቶቹ አዋጁን እስከ መጨረሻው ሰምተውት ነበር። ከጃርት ወገን የአህያ ሥጋ አምሮት የሚያውቅ የለምና ጆሯቸው አልተዘናጋም። ጅቦ ዳሱን ጥሎ ሲሄድ ከየጉድጓዳቸው ድንች አዋጥተው ጥሬ ቆዳ ገዙ፤ አለፉ፤ ሰፉ። አሁን ዳሱ በስፌት ዘፈን ይናወጣል።

ጅቦ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመት ጃርቲት፣ እንደምን ዋሉ?» አለ አጎንብሶ። «ሥራ... ሥራ ይኖርዎት ይሆን?»

ዘፈኑ ቆመ። እመት ጃርቲት ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ጎኑ ተጣብቆ የጎድን አጥንቱ ሲቆጠር ስታይ አሳዘናት።

«ይግቡ፣ አያ ጅቦ። መንጋጋዎ ብርቱ ነው፤ ቆዳ እያላመጡ ያለሰልሱልን። እንዳይውጡ ደግሞ ሁለት ልጆች ከኋላዎ እሾሃቸውን አቁመው ይቀመጣሉ።»

«እሺ፣ እሺ። ደመወዙስ?»

እመት ጃርቲት ፈገግታዋን ዋጥ አደረገች። «ሦስት ድንች።»

«ሦስት!» ጅቦ ከቆመበት ዘለለ። «ኧረ በአምላክ! ቀኑን ሙሉ ለሠራ ሦስት ድንች ምን ይሆናል? የሆድ ነገር አይደለም እንዴ? ቢያንስ አንድ ጨምረው አራት ቢያደርጉት...»

የሚናገረው ለራሱ ጆሮ ደረሰና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ዳሱ ሙሉ ጃርት በሳቅ ፈነዳ፤ እሾሁ ሁሉ ተንኳኳ። ጅቦም መጀመሪያ አንገቱን ደፋ፤ በኋላ ግን ጅብ ነውና ሳቅ ይቀናዋል፣ ከሁሉም በላይ እሱው ሳቀ።

«ሦስቱ ድሮ ነበር፣» አለች እመት ጃርቲት እንባዋን እየጠረገች። «አሁን እዚህ ቤት ለሁሉም አራት ነው።»

አራተኛዋንም በእጁ ላይ አኖረችለት።

ከዚህ የምንማረው፣ ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ሥራውን ከአገር አገር የሚያዞር ጌታ፣ ውሉን እስከ መጨረሻው ካልሰማና በእጁ ያለውን ጎበዝ ሠራተኛ ካላከበረ፣ የቆጠባትን አንዲት ድንች ሙሉ ፋብሪካ ከፍሎ እንደሚገዛት ነው።