ምልክት ለቃሚዋና የዶክተሩ መመሪያ

ይህቺን ስሙኝማ ልጆቼ። አንዲት ምላሰኛ ልጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራ ነበር። ኃላፊው ዶክተር ልሳነወርቅ ስለ ፕሮግራሙ አጠቃቀም ትልቅ መመሪያ ጽፈዋል። ታዲያ እሳቸው ፊደል የሚያወፍረውን የኮምፒውተር ምልክት ከቃሉ በፊት ይከፍታሉ እንጂ ከቃሉ በኋላ መዝጋት የሚባል አያውቁም! ገጹ ሁሉ ጠቁሮ፣ ርዕሱ ከዝርዝሩ ተደባልቆ፣ የሚያነበው ሰው ጠፋ። ልጅቷ ሁለት ወር ሙሉ አቀርቅራ ያንን ምልክት አንድ በአንድ እየለቀመች ስትዘጋ ከረመች።

መመሪያው የሚመረቅ ዕለት ዶክተሩ ከአዘጋጆቹ ተርታ ስሟን አዳራሹ ውስጥ በተሰቀለው ስክሪን ላይ ቢያዩ ደማቸው ፈላ። ሠራተኛው በተሰበሰበበት አስቆሟት።

«አንቺ! ስምሽን እዚህ ማን ጻፈው?»

«ስለሠራሁ እኔው ጻፍኩት፣ ዶክተር።»

«ምልክት መልቀም ደግሞ ሥራ ሆነና ነው? እንግዲያው ከሦስት መቶው ገጽ ውስጥ ያንቺ የሆነ አንድ ቃል፣ አንድ ብቻ አሳዪኝ! ከሌለሽ ስምሽን ሰርዢና ከሥራዬ ውጪልኝ!»

የልጅቷ እንጀራ በምትሰጠው መልስ ላይ ተንጠለጠለ። እሷ ግን፣ እሰይ የኔ አንበሳ፣ ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም።

«እውነትዎን ነው ዶክተር፣ አንድም ቃል የለኝም። የተፈቀደልኝ ምልክቱን ብቻ መንካት ነው። ቃሉንም እንድነካ ቢፈቅዱልኝ ኖሮማ፣ ዛሬ የምናስመርቀው ግማሽ ገጽ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ስሟን የሚሰርዝ እጅ ከየት ይምጣ!