ሥራ ተሰጥቷቸው የቆሙ ረዳቶች

አንዲት ሴት ነበረች። ሐዋሳ ውስጥ ከባልደረባዋ ከበፍቃዱ ጋር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የቪዲዮ ጌም ትሠራለች። ጌሙ በሐይቁ ላይ የሚደረግ የጀልባ እሽቅድምድም ነው። ልጆቻችሁ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው የሚጫወቱበትን ማሽን ታውቁ የለ? ለእሱ ነው የምትሠራው።

ይህ ማሽን ግን አሠራሩ ለየት ይላል። አንድ ዋና አንጎል አለው፤ ከሥሩ ደግሞ ስድስት ፈጣን ረዳቶች። እያንዳንዱ ረዳት ለሥራው የሚያስፈልገውን የሚያስቀምጥባት የራሱ ትንሽ ጓዳ አለችው።

ሴትየዋ ሁሉንም በዋናው ላይ ጫነችው። ማዕበሉን፣ ጀልባውን፣ ድምፁን፣ ሁሉን! ታዲያ ጀልባው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ምስሉ ቀጥ ይላል።

«ታከፋፍለዋ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ትሉኛላችሁ። እሷስ ይህን መች አጣችው? አከፋፈለች። የማዕበሉን ስሌት ለስድስቱ ረዳቶች ሰጠች። ጌሙ ምን ሆነ? ጭራሽ ባሰበት!

በፍቃዱም «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ እኔ ሌላ ቦታ ሥራ እጀምራለሁ፤ አትቀየሚኝ» አላት። አብረው የጀመሩት ነገር ሊፈርስ ነው። ሴትየዋ ደነገጠች።

ተቀምጣ እያንዳንዱ ረዳት ምን እንደሚሠራ መለካት ጀመረች። ምን ብታይ ጥሩ ነው? አይሠሩም። ቆመዋል። ለእያንዳንዷ ቁጥር «ስጠኝ» እያሉ ወደ ዋናው አንጎል ይልካሉ፤ እስኪመለስላቸው ይጠብቃሉ። ጓዳቸው ባዶ ነበር። ሥራውን ሰጠቻቸው እንጂ የሚሠሩበትን አልሰጠቻቸውም።

«በፍቄ፣ ና እስቲ እይ! እነዚህ ሰነፎች ቆመው ነው የሚውሉት» አለችው።

በፍቃዱ አየና ሳቀ። «ምን ያድርጉ? እኔስ እንደ እነሱ አይደለሁ? ሥራ ትሰጪኛለሽ፤ አንዲት ቀለም ለመቀየር ግን አንቺን መጠበቅ አለብኝ። ልሄድ የተነሣሁት ሥራ ጠልቼ መሰለሽ?»

ሴትየዋ አፈረች። ከዚያ ማዕበሉን ከፋፍላ የእያንዳንዱን ድርሻ አስቀድማ በየጓዳው አስገባች፤ አንዱን ሲሠሩ ቀጣዩ እንዲገባላቸው አደረገች። ዋናው አንጎል ውጤቱን ብቻ ይቀበል ጀመር። ጀልባው መታጠፊያው ላይ ደረሰ። ታጠፈ። ምስሉም አልቆመም።

ቀጥላም እሷ ብቻ ይዛው የነበረውን፣ ጌሙን ከፍቶ ለመቀየር የሚያስችለውን የይለፍ ቃል ለበፍቃዱ ሰጠችው። «የጀልባዎቹ ነገር ያንተ ነው፤ እኔን አትጠይቀኝ» አለችው። ዓርብ መጣ። በፍቃዱ አልሄደም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? አንተ ወንድሜ፣ ሚስትህን «ቤቱን አንቺ ምሪው» ብለሃት፣ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ደውላ ታስፈቅድህ የለ? አንቺስ እህቴ፣ ልጅሽን «አድገሻል» ብለሽ የምትለብሰውን የምትመርጪላት አንቺ አይደለሽ? የመዘምራን መሪዎች፣ ወጣቶቹን «አገልግሉ» ትላላችሁ፤ መዝሙሩን የምትመርጡ እናንተ፣ ማይክሮፎኑን የምትይዙ እናንተ! ከዚያ ደግሞ ተንበርክካችሁ «ጌታ ሆይ፣ ብቻዬን ደከምኩ፣ የሚያግዘኝ ጠፋ» ትላላችሁ።

ጌታ ረዳት አልነፈጋችሁም። አጠገባችሁ ቆመዋል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ እጁን አጣጥፎ የቆመ ሰው ታገኙ ይሆናል። «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ቀረብ ብላችሁ «ምን ነፍጌህ ነው የቆምከው?» በሉት።