ኤሊ ያወጣችው መሪ ቃል

ለበጎ ፈቃድ ማኅበራችን መሪ ቃል ስንመርጥ፣ ጎረቤቴ ስትጣራ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

ተረት ተረት፣ የአህያ ጉልበት።

እንስሳት የተቸገረን ለመርዳት ማኅበር አቋቋሙና መሪ ቃል ሊመርጡ ተቀመጡ። ቃል አሳማሪዋ ጦጣ «‹ክንዳችን ለሁሉ› ይባል» ስትል፣ ማጥ ውስጥ የገባች አህያ «ኧረ እናንተዬ!» ብላ ተጣራች።

ጦጣም «እመት አህያ፣ ትንሽ ታገሺ፤ ስላንቺው እየተነጋገርን ነው» አለቻት።

ኤሊ ግን «አቤት፣ መጣሁ!» ብላ ማዝገም ጀመረች። ሌሎቹ አፍረው ተነሡ፤ ኤሊን ቀድመው አህያዋን ጎትተው አወጧት።

አህያም ጭቃዋን ሳታራግፍ «ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ኋላ የደረሰችውን ኤሊ ግን ጎንበስ ብላ ሳመቻት፦ «እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ያንቺን ‹አቤት› ስሰማ ነው አንገቴን ቀና ያደረግሁት።»

መሪ ቃላቸውም «አቤት» ሆነ።

ተረቴን መልሱ፣ በደሌን እርሱ፤ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።