ገመዱ የማይደርስበት

ተረት ተረት ስላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። በድሮ ዘመን አንዲት አህያን ወንዝ ዳር ጭራቅ ነከሳት። ለጥቂት አመለጠች። ቁስሏ ቢሽርም የጭራቁ አመል ተጋባባት፤ ሣር አልጥም አላት፤ ወዳጇን ፍየሏን ስታይ አፏ ምራቅ ይሞላ ጀመር። ደንግጣ ጫካ ተሸሸገች።

ፍየሏ ፈልጋ አገኘቻት። «ምነው ጠፋሽብኝ?» አለቻት።

«እንዳልበላሽ ፈርቼ ነው። እህቴ፣ ሳይብስብኝ እሰሪኝ!»

ፍየሏ ገመድ በአፏ ጎትታ አመጣችና ከዋርካ ግንድ ጋር አሰረቻት። ቋጠሮውን ስታጠብቅ የአህያዋ ትንፋሽ አንገቷን ለበለባት፤ አህያዋ ግን ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ወዲህ አህያዋ ስትጎትተው ገመዱ በየቀኑ ይሳሳል። ፍየሏ ግን ሌላ መስክ አልሄደችም፤ ገመዱ ከማይደርስበት ቦታ ተጋድማ የውሎዋን ታወራላታለች።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለሌላ ንገሩ።